ለንጽጽር የሚሆን የስፕሬድሺት ቻርት፦ አመራረጡና አደራደሩ

ኤክሴል ላይ ቻርት ማውጣት ራሱ ጊዜ አይወስድም። ሰንጠረዡን መርጣችሁ አልት እና ኤፍ1ን አብራችሁ ስትጫኑ ቻርቱ እዚያው ገጽ ላይ ብቅ ይላል፤ ኤፍ11 ብቻ ከሆነ ደግሞ ለብቻው በአዲስ ገጽ ይመጣል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ፕሮግራሙ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንዲተያይ እንደፈለጋችሁ ስለማያውቅ ሁሉንም በአንድ ላይ ደርድሮ ይሰጣችኋል፤ አንባቢው ደግሞ ከድርድሩ ውስጥ የሚፈልገውን ለቅሞ ማውጣት ይቸግረዋል።

ለማወዳደር ቻርት ስንመርጥ የምንመራበት ነገር አንድ ነው። ዓይን ከአንድ መነሻ መሥመር የተነሡና ጎን ለጎን የቆሙ ነገሮችን በትክክል ያወዳድራል። መነሻቸው ሲለያይ ግምቱ ይዛባል፤ መጠኑ በማዕዘን ወይም በስፋት ሲገለጽ ደግሞ ይብሳል። ተመራማሪዎቹ ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ፈትነው ያገኙት ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በየደረጃው የምንጠይቀው «የትኛው ከየትኛው ጎን ይቁም?» የሚለውን ነው።

የምናሌዎቹን ስም የጻፍነው በእንግሊዝኛው ኤክሴል ላይ እንደሚነበበው ነው። ጉግል ሺትስና ሊብሬኦፊስ ካልክ የሚለዩበት ቦታ ሲኖር እዚያው እንጠቅሳለን።

ምሳሌ የሚሆነን ሰንጠረዥ

አራት ቅርንጫፎች በአራት ሩብ ዓመት የሸጡት ነው እንበል፤ ቁጥሩ በሺህ ነው።

ቅርንጫፍ | ሩብ 1 | ሩብ 2 | ሩብ 3 | ሩብ 4
ሀ | 420 | 455 | 470 | 510
ለ | 380 | 365 | 350 | 340
ሐ | 610 | 600 | 620 | 615
መ | 95 | 120 | 160 | 210

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ጻፉ

ቻርቱን ከማውጣታችሁ በፊት ከሰንጠረዡ ራቅ ብሎ ባለ ባዶ ሴል ውስጥ ቻርቱ የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። ከዚች ትንሽ ሰንጠረዥ እንኳ ብዙ ጥያቄ ይወጣል፦

- በየሩብ ዓመቱ ማን መራ?
- እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከራሱ ያለፈ ሽያጭ ጋር ሲተያይ አደገ ወይስ ወረደ?
- ከዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ የማን ድርሻ ስንት ነው?
- ከተነሣበት አንጻር ፈጥኖ ያደገው የቱ ነው?
- በሀ እና በለ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ነው?

እያንዳንዱ የየራሱን ቻርት ይፈልጋል። አምስቱንም በአንድ ሥዕል ልመልስ የሚል ሰው አሥራ ስድስት ባር ደርድሮ አንዱንም ሳይመልስ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ሰንጠረዡን አጽዱ

የተበላሸ ቻርት አብዛኛውን ጊዜ ከሰንጠረዡ የመጣ ነው። እነዚህን በቅደም ተከተል ፈትሹ።

ሀ. ርዕሶቹ በአንድ ረድፍ ብቻ ይሁኑ። «መርጅ» የተደረገ (ከሌላ ሴል ጋር የተዋሐደ) ሴል ካለ ፍቱት፤ ባለ ሁለት ፎቅ ርዕስ ቻርቱ ላይ የተደራረበ ስም ይፈጥራል።

ለ. በሰንጠረዡ መሐል ባዶ ረድፍ ወይም ባዶ አምድ አይኑር። ካለ ኤክሴል ሰንጠረዡ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል።

ሐ. የድምር ረድፍንና የድምር አምድን ከምርጫችሁ ውጪ አድርጉ። የሩብ 4 ድምር 1675 ነው፤ ይህ ከቅርንጫፍ መ 210 ጎን ሲቆም የመ ባር ወለሉ ላይ የተነጠፈ ይመስላል።

መ. ቁጥሮቹ በእርግጥ ቁጥር መሆናቸውን አረጋግጡ። የአሰላለፍ ትእዛዝ ካልተሰጠው ቁጥር በሴሉ ቀኝ ይቆማል፤ ጽሑፍ በግራ። በስተግራ የቆመ «420» ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው፤ ቻርቱም እንደ ዜሮ ይስለዋል። በሴሉ ግራ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ከታየ ሴሎቹን ምረጡ፣ የሚመጣውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ተጫኑና «ኮንቨርት ቱ ነምበር» በሉት። «420 ሺህ» ብሎ መጻፍም ያው ጽሑፍ ማድረግ ነው። «ሺህ» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ይግባ፤ ሴሉ ውስጥ 420 ብቻ ይቅር።

ሠ. የመጀመሪያው አምድ 2019፣ 2020፣ 2021 እያለ ዓመት የሚቆጥር ከሆነ የላይኛውን የግራ ጥግ ሴል ባዶ ተዉት። «ዓመት» የሚል ርዕስ ሲኖረው ኤክሴል ዓመቶቹን እንደ አንድ ተጨማሪ መረጃ ቆጥሮ ሁለት ሺህ ገደማ የሚደርስ ቀጥ ያለ መሥመር ያሰምርላችኋል። ጥጉ ባዶ ሲሆን ግን ስም መሆናቸውን ይረዳል።

መረጃው ወደፊት የሚጨመርበት ከሆነ ሰንጠረዡ ውስጥ ቆማችሁ ኮንትሮል እና ቲን በመጫን ወደ «ቴብል» ለውጡት። አዲስ ረድፍ ሲገባ ቻርቱ ራሱ ይከተላል። ይህን ከመቀየራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቴብል ውስጥ የርዕስ ሴል ባዶ አይሆንም፣ ኤክሴል የራሱን ስም ይሞላበታል። ስለዚህ በሠ ላይ ያለው ዘዴ አይሠራም፤ በምትኩ ዓመቱን ከፊቱ ነጠላ የላይ ጭረት (') አድርጋችሁ እንደ ጽሑፍ አስገቡት።

ደረጃ 3፦ ለጥያቄው የሚስማማውን ዓይነት ምረጡ

«ማን ይበልጣል?» ከሆነ ባር ነው። የተወዳዳሪዎቹ ስም አጭር ሆኖ ቁጥራቸው ከሰባት ስምንት ካላለፈ ቋሚ ባር ይበቃል። ስሙ ሲረዝም ኤክሴል ጽሑፉን ያጋድመዋል፤ አንባቢም አንገቱን ያጋድማል። ያኔ ወደ አግድም ባር ቀይሩት። አግድም ባር ላይ ሃያ ስም እንኳ ሳይጨናነቅ ይነበባል።

«በጊዜ ሂደት ምን ሆነ?» ከሆነ መሥመር ነው። የጊዜ ነጥቦቹ አራት አምስት ብቻ ሲሆኑ ባርም ይሠራል፤ ከአሥር ካለፉ መሥመር ብቻ። የመሥመሮቹ ብዛት ከአራት አምስት ሲያልፍ ይጠላለፋሉ፤ መፍትሔው ደረጃ 7 ላይ አለ። በሁለት ጊዜ ብቻ ያለውን ለውጥ፣ ለምሳሌ ሩብ 1ን ከሩብ 4 ጋር ለማሳየት ደግሞ ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው የመሥመር ቻርት በጣም ይናገራል። የወጣው ይወጣል፣ የወረደው ይወርዳል፤ ለ ብቻውን ቁልቁል ሲሄድ ያለ ማብራሪያ ይታያል።

«ድርሻው ስንት ነው?» ለሚለው ፓይ ቻርት (በክፍል የተቆረጠ ክብ) የሚሆነው ክፍሎቹ ሦስት አራት ሲሆኑና በግልጽ ሲለያዩ ነው። በምሳሌያችን የዓመቱ ድርሻ ሐ 38.7፣ ሀ 29.4፣ ለ 22.7፣ መ 9.3 በመቶ ነው፤ ፓይ ይህን ይችላል። 22 እና 24 በመቶን ግን ቁጥር ካልተጻፈበት ማንም አይለይም፤ ቁጥር መጻፍ ግድ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ሁለት ፓይ ጎን ለጎን አስቀምጦ «የአምናውን ከዘንድሮው» ማወዳደርን ጨርሶ ተዉት። ድርሻ ከድርሻ ለማወዳደር ጎን ለጎን የቆሙ አግድም ባሮች ይሻላሉ። ፓይ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ካለ ደግሞ ኤክሴል ምልክቱን ትቶ እንደ ተራ ቁጥር ይስለዋል፤ ኪሳራው ትርፍ መስሎ ይወጣል።

የተደራረበ ባር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ሩቦቹን በአግድም ዘንግ (ከቻርቱ ግርጌ ባለው መሥመር) አድርጋችሁ ሀን ከታች፣ ለን ከሀ በላይ ብትደራርቡ የለ ጫፍ የሚደርስበት ከፍታ 800፣ 820፣ 820፣ 850 ነው። ወደ ላይ ይሄዳል። ለ ራሱ ግን ከ380 ወደ 340 እየወረደ ነበር! ከሥሩ ያለው ሀ ሲያድግ ተሸክሞ አወጣው። በተደራረበ ባር በትክክል የሚነበበው የታችኛው ክፍልና የጠቅላላው ቁመት ብቻ ነው፤ የመሐሎቹ መነሻ በየባሩ ስለሚለያይ አይነበቡም። ስለዚህ ዋናው ጉዳያችሁ ድምሩ ከሆነና ከክፍሎቹ አንዱን ብቻ ማጉላት ከፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፤ የምታጎሉትንም ከታች አድርጉት። «100% ስታክድ» የሚለው ድርሻን ሲያሳይ ከላይም ከታችም ሁለት ቋሚ ጠርዝ ስላለው የታችኛውም የላይኛውም ክፍል ይነበባል፤ መሐሉ እንደተለመደው ነው።

«ማን ፈጥኖ አደገ?» ለሚለው ጥሬው ቁጥር አይሆንም። መ ከ95 ወደ 210 ሲደርስ ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ ጥሬው መሥመር ላይ ግን ከሐ እግር ሥር ይቀራል። እያንዳንዱን ረድፍ በራሱ የመጀመሪያ ሩብ አካፍሉና በ100 አባዙ። ቀመሩ =ቢ2/$ቢ2*100 ነው፤ የዶላር ምልክቱ ከአምዱ ፊደል በፊት እንጂ ከረድፉ ቁጥር በፊት አይግባ፤ አለበለዚያ ሁሉም ረድፍ በሀ ይካፈላል። ውጤቱ ሁሉም ከ100 ተነሥቶ ሩብ 4 ላይ ሀ 121፣ ለ 89፣ ሐ 101፣ መ 221 ይሆናል። ይህን በመሥመር ሳሉት።

«ልዩነቱ ሰፋ ወይ?» ከሆነ ልዩነቱን ራሱን ሳሉት። ሀ ሲቀነስ ለ 40፣ 90፣ 120፣ 170 ይመጣል፤ አራት ባር፣ አለቀ። ሁለት መሥመር ስሎ ክፍተታቸውን በዓይን ለካ ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ሥዕሎች የወጪና የገቢ ንግድን በሁለት መሥመር ሥሎ ክፍተቱን በቀለም ሞልቶት ነበር። ውብ ሥዕሎች ናቸው፤ ይሁንና መሥመሮቹ አብረው ሽቅብ ሲሄዱ ዓይን ቀጥ ያለውን ርቀት ትቶ በመካከላቸው ያለውን አጭሩን ርቀት ስለሚያነብ ክፍተቱ ከእውነቱ የጠበበ ይመስላል።

ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ተያይዘው ይሄዳሉ ወይ ለሚለው፣ ለምሳሌ የሠራተኛ ብዛትና ሽያጭ፣ «ስካተር» (የነጥብ ቻርት) ምረጡ። እዚህ ላይ የመሥመር ቻርትን መምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። የመሥመር ቻርት በአግድም ዘንጉ ላይ ያሉትን 1፣ 2፣ 5፣ 10 እኩል አራርቆ ይደረድራቸዋል፤ ለእሱ ስም ናቸው። ስካተር ግን በ5 እና በ10 መካከል ያለውን ርቀት ልክ አምስት ያደርገዋል።

ባለ ሦስት ገጽታውን ባር አትንኩት። የፊተኛው ባር የኋላውን ይጋርዳል፤ ከፍታውን ከየትኛው መሥመር ጋር አገናኝታችሁ እንደምታነቡም አይታወቅም።

ደረጃ 4፦ ረድፍና አምዱን አገላብጡ

ሁለት ወገን ያለው ሰንጠረዥ (ቅርንጫፍና ሩብ ዓመት) በሁለት መንገድ ይቆማል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም።

ሩቦቹ አግድም ዘንጉ ላይ ሲሆኑ በአንድ ሩብ ውስጥ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ይህ «በየሩቡ ማን መራ?» የሚለውን ይመልሳል። ቅርንጫፎቹ አግድም ዘንጉ ላይ ሲሆኑ ግን የአንድ ቅርንጫፍ አራት ሩቦች ይጠጋጋሉ፤ የሀ ደረጃ ወደ ላይ፣ የለ ደረጃ ወደ ታች ሲሄድ ወዲያው ይታያል። ደንቡ አጭር ነው፦ መወዳደር ያለባቸው በአንድ ዘለላ ውስጥ ይግቡ።

ኤክሴል በራሱ የሚያደርገው ከረድፍና ከአምድ የበዛውን አግድም ዘንጉ ላይ ማስፈር ነው። ለመገልበጥ፦

1. ቻርቱን አንዴ ተጫኑት።
2. ከላይ «ቻርት ዲዛይን» የሚለውን ክፈቱ።
3. «ስዊች ሮው/ኮለም» በሉ።

ጉግል ሺትስ ላይ ቻርቱን ድርብ ክሊክ ስታደርጉ በቀኝ በኩል የሚከፈተው ማስተካከያ «ሴትአፕ» በሚለው ክፍሉ ውስጥ «ስዊች ሮውስ/ኮለምስ» የሚል ሳጥን አለው። ካልክ ላይ ደግሞ ቻርቱን በድርብ ክሊክ ከፍታችሁ፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዳታ ሬንጅስ» ውስጥ «ዳታ ሲሪስ ኢን ሮውስ» ወይም «ኢን ኮለምስ» ትመርጣላችሁ። ካልክ ላይ በድርብ ክሊክ ወደ ቻርቱ ሳትገቡ ራይት ክሊክ ብታደርጉ የሚመጣው የሥዕል ምናሌ ነው፤ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ዘንጉን በእጃችሁ ወስኑ

ባር ከዜሮ ይጀምራል። ድርድር የለውም፤ ምክንያቱም አንባቢው የሚያነበው ርዝመቱን ነው። ኤክሴል ግን ይህን ሁልጊዜ አይጠብቅም። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ፣ ማለትም በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ አንድ ስድስተኛ ሲያንስ፣ ዘንጉን ከዜሮ በላይ ያስጀምረዋል። የሐን አራት ሩቦች (610፣ 600፣ 620፣ 615) ለብቻቸው በቋሚ ባር ብታወጡ የሚያጋጥማችሁ ይኸው ነው። ዘንጉ ከ590 ቢጀምር የ600 ባር 10፣ የ620 ባር 30 ይረዝማል፤ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። እውነተኛው ልዩነት ሦስት በመቶ ገደማ ነው።

ለማስተካከል ቋሚ ዘንጉን ቁጥሮቹ ላይ ድርብ ክሊክ አድርጉ፤ «ፎርማት አክሲስ» ሲከፈት «ባውንድስ» ሥር «ሚኒመም» ላይ 0 ጻፉ። ከጎኑ «ሪሴት» የሚል ቃል ከመጣ ቁጥሩ ተቆልፏል ማለት ነው፤ «አውቶ» ከሆነ ገና በኤክሴል እጅ ነው። ጉግል ሺትስ ላይ «ከስተማይዝ»፣ «ቨርቲካል አክሲስ»፣ «ሚን» ነው።

መሥመር ከዜሮ የግድ አይጀምርም፤ የሚነበበው አቅጣጫው ስለሆነ። ትንንሽ መዋዠቅ ማየት የፈለገ ሰው ዘንጉን ቢያጠብ ጥፋት የለበትም፤ ብቻ ቁጥሮቹ ዘንጉ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

በቀኝ በኩል የሚጨመረውን ሁለተኛ ዘንግ («ሰከንደሪ አክሲስ») ለንጽጽር ባትጠቀሙበት ይመረጣል። ሁለቱ መሥመሮች የሚገናኙበት ቦታ የሚወሰነው ዘንጎቹን እናንተ በዘረጋችሁበት ልክ እንጂ በመረጃው አይደለም። የሁለቱን አካሄድ ማሳየት ከፈለጋችሁ ወይ ሁለቱንም ከ100 አስነሡ፣ ወይ ሁለት ቻርት አድርጋችሁ አንዱን ካንዱ በላይ አስቀምጡ።

ሁለተኛ ዘንግ በእርግጥ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፤ ዕቅድን ከክንውን ማወዳደር። ሰፊ ፈዛዛ ባር ለዕቅድ፣ ከፊቱ ቀጭን ጠቆር ያለ ባር ለክንውን፦

1. ዕቅድና ክንውንን ጎን ለጎን ባር አድርጋችሁ አውጡ።
2. የክንውኑን ባር ራይት ክሊክ፣ «ፎርማት ዳታ ሲሪስ»፣ «ሰከንደሪ አክሲስ»።
3. እዚያው «ጋፕ ዊድዝ» (በባሮቹ መካከል ያለው ክፍተት) ለክንውኑ 250%፣ ለዕቅዱ 60% አድርጉ።
4. በቀኝ የመጣውን ዘንግ ምረጡና ዲሊት አድርጉ።

አራተኛው ከተዘለለ ሁለቱ ባሮች በሁለት የተለያየ ልኬት ይሳሉና ክንውኑ ከዕቅዱ ያለፈ ሊመስል ይችላል። ዘንጉ ሲጠፋ ግን ሁለቱም በግራው ዘንግ ይለካሉ።

ደረጃ 6፦ ቅደም ተከተል፣ ክፍተት፣ ቀለም

ባሮቹን በመጠን ደርድሩ። ቻርቱ የሰንጠረዡን ቅደም ተከተል ስለሚከተል ሰንጠረዡን ራሱን ከትልቅ ወደ ትንሽ «ሶርት» ማድረግ ይበቃል። የራሱ ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ያለው ነገር (ሩብ ዓመት፣ የዕድሜ ክልል፣ ደረጃ) ግን በመጠን አይደረደርም።

አግድም ባር ላይ የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ከታች ይወጣል፤ ሁሉንም ሰው የሚያናድድ ነገር ነው። ስሞቹ ያሉበትን ዘንግ ድርብ ክሊክ አድርጋችሁ «ካታጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን ስታደርጉ የቁጥሩ ዘንግ ወደ ላይ ይዘላል፤ እዚያው መስኮት ውስጥ «አት ማክሲመም ካታጎሪ» ስትሉት ወደ ታች ይመለሳል።

ኤክሴል ለቋሚ ባር የሚሰጠው «ጋፕ ዊድዝ» 219%፣ «ሲሪስ ኦቨርላፕ» ደግሞ -27% ነው። ማለትም በአንድ ዘለላ ውስጥ ያሉት ባሮች እንኳ ይራራቃሉ። ለንጽጽር ኦቨርላፑን 0%፣ ጋፑን ከ60% እስከ 100% አድርጉት፤ የአንድ ዘለላ ባሮች ይገጥማሉ፣ በዘለላዎች መካከል ያለው ክፍተት ግን ይቆያል። ባሩ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ከ50% እስከ 80% ይበቃል።

ቀለም ሲበዛ ሁሉም ይጮኻል። ጥያቄው ስለ ለ ከሆነ ለን በደማቅ፣ ሌሎቹን በግራጫ አድርጉ። አንድ ባር ብቻ ለማቅለም ባሩን አንዴ ተጫኑ፣ ሁሉም ባሮች ይመረጣሉ፤ ጥቂት ቆይታችሁ እንደገና አንዴ ተጫኑ፣ ያ ባር ብቻ ይቀራል። አከታትላችሁ ከተጫናችሁ ድርብ ክሊክ ይሆንና የማስተካከያ ሰሌዳው ብቻ ይከፈታል። ቀይና አረንጓዴን ለማነጻጸር አታጣምሩ፤ ሁለቱን የማይለይ ዓይን ጥቂት አይደለም፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተሙም አንድ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ አንዱ ፈዘዝ አንዱ ጠቆር ብሎ፣ አያሳፍርም።

በመሥመር ቻርት ላይ ሌጀንዱን (የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ የሚዘረዝረውን ሳጥን) አጥፉና ስሙን በየመሥመሩ ጫፍ ጻፉ። የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ምረጡ (አሁንም ሁለት ነጠላ ክሊክ)፣ ራይት ክሊክ፣ «አድ ዳታ ሌብል»፣ ከዚያ «ፎርማት ዳታ ሌብል» ውስጥ «ሲሪስ ኔም» ላይ ምልክት አድርጋችሁ «ቫልዩ»ን አንሡ።

ርዕሱ መልሱን ይናገር። «የሩብ ዓመት ሽያጭ» ከሚል «ለ በየሩቡ ሲወርድ መ ከእጥፍ በላይ አድጓል» ይሻላል። ርዕሱ ከሴል እንዲነበብ ከፈለጋችሁ ርዕሱን ምረጡ፣ በቀመር መስኮቱ ላይ እኩል ይሆናል ምልክት ጻፉ፣ ሴሉን ተጫኑ፣ ኢንተር።

ደረጃ 7፦ ብዙ ቻርት ጎን ለጎን

መሥመሮቹ ሲበዙ አንዱን የተጠላለፈ ቻርት ወደ ትንንሽ ተመሳሳይ ቻርቶች መበተን ነው መፍትሔው። ለየቅርንጫፉ አንድ፣ ሁሉም በአንድ ልክ። ዋናው ሚስጥር አንዱን ጨርሶ ሠርቶ ማባዛት ነው፤ አራቱን ለየብቻ ሠርቶ ኋላ ለማመሳሰል መሞከር ግማሽ ቀን ይበላል።

1. የሀን ረድፍ ከርዕሶቹ ጋር መርጣችሁ የመሥመር ቻርት አውጡ።
2. ቋሚ ዘንጉን ቆልፉ፦ ሚኒመም 0፣ ማክሲመም 700፤ ከአራቱም ትልቁ 620 ስለሆነ። እንዲሁ ከተተወ መ የራሱን ዘንግ ይዘረጋና 210 ከሐ 615 እኩል ከፍ ብሎ ይታያል። ትንንሽ ቻርቶችን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይህ ነው።
3. መጠኑን በቁጥር ስጡት፦ «ፎርማት» ውስጥ ለምሳሌ ቁመት 5፣ ወርድ 7 ሴንቲ ሜትር።
4. ሌጀንዱን፣ ፍርግርጉን፣ የፊደል መጠኑን፣ ሁሉንም እዚሁ ጨርሱ።
5. ኮንትሮል እና ዲን ሦስት ጊዜ ተጫኑ። ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ ሁሉም ገና የሚያሳዩት ሀን ነው።
6. በሁለተኛው ቻርት መሥመሩን ተጫኑ። ሰንጠረዡ ላይ የሀ ቁጥሮች ባለ ቀለም ሳጥን ይከባቸዋል። የሳጥኑን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ለ ረድፍ ጎትቱት። የስሙንም ሳጥን እንዲሁ። ካልሆነላችሁ በቀመር መስኮቱ የሚታየውን «ሲሪስ» ቀመር ተመልከቱ፤ ስም፣ የዘንግ ስሞች፣ ቁጥሮች፣ ተራ ቁጥር በሚል ቅደም ተከተል የቆመ ነው። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ውስጥ የረድፉን ቁጥር ከ2 ወደ 3 ቀይሩት፤ ሁለተኛውን አትንኩ።
7. ቻርቶቹን ኮንትሮልን ይዛችሁ አንድ በአንድ ምረጡ፤ «ሼፕ ፎርማት»፣ «አላይን»፣ «አላይን ቶፕ»፣ ከዚያ «ዲስትሪቡት ሆሪዞንታሊ»። አንዱን ብቻ ለማንቀሳቀስ አልትን ይዛችሁ ስትጎትቱ ጠርዙ ከሴሎቹ መሥመር ጋር ይገጥማል።

አሰላለፉን የሚወስነው አሁንም ጥያቄው ነው። ከፍታ ከከፍታ ለማወዳደር በአግድም ደርድሩ፤ ቋሚ ዘንጉ ለሁሉም አንድ ስለሚሆን ዓይን በቀጥታ ይሻገራል። «መቼ ሆነ?» ከሆነ ግን አንዱን ካንዱ በላይ ደርድሩ፤ ሩብ 3 በሁሉም ላይ በአንድ ቀጥታ ሲወርድ ይታያል።

የውጪው ሳጥን እኩል ስለሆነ ውስጡ እኩል ነው ማለት አይደለም። አንዱ ቻርት ሌጀንድ ካለው ወይም የዘንጉ ቁጥሮች «700» ሳይሆን «1,200,000» ከሆኑ ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ ይጠብና መነሻ መሥመሮቹ ይዘነፋሉ። ቀለሙም በሁሉም ቻርት አንድ ይሁን፤ ሀ እዚህ ሰማያዊ፣ እዚያ ብርቱካናማ ከሆነ አንባቢው ሌላ ነገር ያየ ይመስለዋል። ኤክሴል ቀለም የሚሰጠው በተራ ነውና ሲሪሶቹን (የመረጃ መደቦቹን) ስታፈራርቁ ቀለሙ አብሮ እንደሚቀየር አስቡት።

ቅርንጫፉ ሠላሳ ቢሆንስ? ያኔ «ስፓርክላይን» ይሻላል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤክሴል ውስጥ አለ፤ በአንድ ሴል ውስጥ አንድ ትንሽ መሥመር። ግን እያንዳንዱ ሴል በራሱ ልክ ስለሚዘረጋ «አክሲስ» ውስጥ ገብታችሁ ትንሹንም ትልቁንም «ሴም ፎር ኦል ስፓርክላይንስ» አድርጉ።

ሲበላሽ ምክንያቱ

መሥመሩ ድንገት ወደ ዜሮ ወርዶ ይመለሳል። ያ ሴል ባዶ የሚመስል ጽሑፍ ይዟል፤ ብዙውን ጊዜ ቀመር የመለሰው ባዶ ጽሑፍ ነው። ቀመሩ በባዶ ጽሑፍ ፈንታ «ኤንኤ» (NA) የሚለውን ፈንክሽን እንዲመልስ አድርጉ። ሴሉ በእርግጥ ባዶ ከሆነ ግን «ሴሌክት ዳታ»፣ «ሂድን ኤንድ ኤምፕቲ ሴልስ» ውስጥ ክፍተት ይሁን፣ ዜሮ ይሁን፣ ወይስ ይቀጠል የሚለውን ትመርጣላችሁ። ለንጽጽር ክፍተቱን መተው ታማኝ ነው።

ባሮቹ ክር አክለው ቀጠኑ። ዘንጉ ላይ ቀን አለ፤ ኤክሴል በየቀኑ ቦታ ይዞ በወር አንድ ባር ብቻ አቁሟል። «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ «ቴክስት አክሲስ» ምረጡ።

ረድፍ ስትደብቁ መሥመሩ ጠፋ። የተደበቀ አይሳልም፤ እዚያው «ሂድን ኤንድ ኤምፕቲ ሴልስ» ውስጥ «ሾው ዳታ ኢን ሂድን ሮውስ ኤንድ ኮለምስ» በሉት።

ፊልተር ስታደርጉ ቻርቱ ራሱ ተጨፈለቀ። ቻርቱ ከሥሩ ካሉት ሴሎች ጋር አብሮ እንዲጠብ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ራይት ክሊክ፣ «ፎርማት ቻርት ኤሪያ»፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዶንት ሙቭ ኦር ሳይዝ ዊዝ ሴልስ»።

ስታትሙ አንድ ቻርት ብቻ ወጣ። ቻርቱ ተመርጦ ሳለ ፕሪንት ካላችሁ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ባዶ ሴል ተጫኑ። ቻርቱን ወደ ዎርድ ስትወስዱ ደግሞ ቁጥሩ ከፋይሉ ጋር እንዲለዋወጥ ካልፈለጋችሁ እንደ ሥዕል ለጥፉት፤ የሙሉ ፋይሉ መረጃ ተከትሎ ሰው እጅ እንዳይገባም ይጠቅማል።